ኦገስት 26 «የሴቶች እኩልነት ቀን» የሚሉት ምንድን ነው? ማርች 8 አይበቃም እንዴ?

የማታ ሺፍት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ ሳቁ፣ ግን ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ ነርሲንግ ሆም። ማክሰኞ ማታ ስገባ የእረፍት ክፍላችን በወይን ጠጅ፣ በነጭና በቢጫ ወረቀት አጊጦ ጠረጴዛው ላይ ኬክ ተቀምጧል። ፍልሰታን ከፈታሁ ገና አራተኛ ቀኔ ስለነበር ኬኩን አልጠላሁትም። ኃላፊያችን «እንኳን ለሴቶች እኩልነት ቀን አደረሳችሁ» ዓይነት ነገር አለችንና ደረታችን ላይ አንዳንድ ቢጫ የወረቀት አበባ ለጠፈችልን። እኔም አመስግኜ ቁራሼን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው «ቆይ!» ያልኩት። የሴቶች ቀን ማርች 8 አይደለም እንዴ? ደሴ ተማሪ ሆነን በየዓመቱ የካቲት 29 የምንሰለፈው፣ ባለሥልጣኑ ንግግሩን ሲያረዝምብን ፀሐይ አናታችንን የሚበሳን፣ እሱ አልነበረም? ይኸኛው ደግሞ ከየት መጣ?

ቤት ስመለስ ባለቤቴን ጠየቅሁት። የማያውቀው ነገር የለም። «ካርድና አበባ ሻጮች የፈጠሩት ነው» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነገሩን ያላስተኛኝ ግን ሌላ ነው። ከምንከባከባቸው አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። 97 ዓመታቸው ነው፣ አእምሯቸው ከእኔ የነቃ ነው። ትራሳቸውን ሳስተካክል አበባዬን አዩና «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «እናቴ መጀመሪያ ድምፅ ስትሰጥ 24 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ያልሰጠችው ዕድሜዋ ሳይደርስ ቀርቶ እንዳይመስልሽ» አሉ። ቀጠሉና የራሳቸውን ነገሩኝ። ባላቸው በ1971 ሲሞቱ፣ ዘወትር የሚገዙበት ሱቅ የክሬዲት ካርዳቸውን ዘጋባቸው። ዕዳውን በየወሩ የሚከፍሉት እሳቸው፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን የባላቸው ስም። ባል ሞተ፣ ካርዱም አብሮ ሞተ።

አሜሪካ ነው እኮ የምላችሁ! እኔ ስመጣ የዚህ አገር ሴት ከአዳም ጀምሮ እንዲሁ የነበረች ይመስለኝ ነበር።

የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልናዘዝ። ዜግነት የወሰድኩት ዘንድሮ በሚያዝያ ነው። መቶውን ጥያቄ መኪና ውስጥ በስልክ እየሰማሁ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። «ሱዛን ቢ. አንተኒ ምን አደረገች?» ብሎ ፈታኙ ሲጠይቀኝ ሳልተነፍስ «ለሴቶች መብት ታገለች» አልኩት፤ ትክክል ተባልኩ። «እንዴት አድርጋ?» ብሎ ቢጨምር ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ስለዚህ ቀኑ የምን መታሰቢያ ነው? ለምን ኦገስት 26 ሆነ? ከማርች 8 ጋር ይዛመዳል ወይ? እባካችሁ ከኢንተርኔት ገልብጣችሁ አትለጥፉብኝ፣ ያንን እኔም አላጣሁትም። የሚያውቅ ሰው እንደ ሰው ይንገረኝ።


ሽሮ በቅቤ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ሥራ የማያዘጋ በዓል በዓል አይባልም። በሚመጣው ሰኞ ሌበር ደይ (የሠራተኞች ቀን) ነው፤ ታይም ኤንድ ሃፍ (አንድ ተኩል እጥፍ) የሚከፍሉሽ እንደሆነ እሱን ጠይቂ። ኬኩ ግን ጥሩ ነበር?


የቢጫ ባስ ሹፌር (ሎርተን፣ ቨርጂኒያ)

የማታ ሺፍት እህቴ፣ ምኑም አያስቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሎርተን ኖሬ ነው ያወቅሁት፣ እሱንም በአጋጣሚ።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ሩት 123 ላይ ወደ ኦኮኳን ስትወርጂ ያሉትን ቀይ የጡብ ሕንፃዎች ታውቂያቸው ይሆናል። አሁን ሥዕልና ሸክላ የሚሠራባቸው ናቸው። በየቀኑ ሳልፋቸው የድሮ ትምህርት ቤት ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ልጆች ለጉብኝት ይዤ ሄድኩና ቡናዬን ይዤ ባሱ ውስጥ ልጠብቅ ስል፣ አስተማሪዋ «ምን ያስቀምጥሻል፣ ነይ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ለካ እስር ቤት ነበር።

መጀመሪያ ቀኑን ልንገርሽ፣ ወደ እስር ቤቱ እመለስበታለሁ። ኦገስት 26፣ 1920 የሕገ መንግሥቱ 19ኛ ማሻሻያ ሕግ መሆኑ በይፋ የተረጋገጠበት ቀን ነው። ማንም ዜጋ በጾታው ምክንያት ድምፅ ከመስጠት አይከለከልም የሚለው ነው። ድል የተመታበት ወይም ሰው የወደቀበት ቀን አይደለም፣ የፊርማ ቀን ነው። የፈረመው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቤይንብሪጅ ኮልቢ ነው፤ በጠዋት፣ እመኖሪያ ቤቱ፣ ያለ ሥነ ሥርዓት፣ ያለ ፎቶ አንሺ። ዕድሜያቸውን ለዚያ ወረቀት የጨረሱት ሴቶች ቆመው እንዲያዩ እንኳ አልተጠሩም። ሁሌ ይከነክነኛል።

ወረቀቱ እዚያ ለመድረስ 72 ዓመት ፈጅቶበታል። በጁላይ 1848 ኒውዮርክ ግዛት ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰብስበው ሴት የተነፈገችውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉት፦ ያገባች ሴት ንብረቷ የባሏ፣ የሠራችበት ደመወዝ የባሏ፣ ኮሌጁ የተዘጋባት። ዋናዋ ጸሐፊ ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ነበረች። 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። ከሁሉ ያጨቃጨቀው የትኛው ይመስልሻል? «ድምፅ እንስጥ» የሚለው። ለራሳቸው ለተሰብሳቢዎቹ እንኳ በዛባቸው። ተነስቶ የደገፈው ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ከፈራሚዎቹ 1920ን በሕይወት ያየችው ሻርሎት ውድዋርድ የምትባል አንዲት ብቻ ናት፤ ስትፈርም ለጋ ወጣት ነበረች። እሷንም የምርጫው ጊዜ ሕመም አስቀራት።

አንቺ የደገምሻት ሱዛን ቢ. አንተኒ ደግሞ በ1872 ሮቸስተር ውስጥ ሄዳ ድምፅ ሰጠች። ማንንም ሳታስፈቅድ! ሁለት ሳምንት ቆይተው መጥተው ያዟት። ዳኛው 100 ዶላር ቀጣት፤ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም አለች፣ አልከፈለችም። በ1906 ሞተች። እኛ ዜጋ ሆነን ድምፅ ለመስጠት ስሟን የሸመደድናት ሴትዮ፣ አንድም ቀን ሕጉ ፈቅዶላት ድምፅ ሳትሰጥ ነው የሞተችው። ፈታኞቹ ይህን ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈሬ። በጃንዋሪ 1917 በአሊስ ፖል የሚመሩ ሴቶች ዋይት ሃውስ በር ላይ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይዘው መቆም ጀመሩ። አይጮኹም። ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሲወጣ ሲገባ ያያቸዋል። በሚያዝያ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ መንግሥት መታገሡን ተወና ማፈስ ጀመረ። ክሱ ምን መሰለሽ? መንገድ መዝጋት! ፈርደው ወደ እኔ መንደር አመጧቸው። ኖቬምበር 14 ሌሊት ዘበኞቹ የሠሩት ሥራ በልጆቹ ፊት ሲነበብ አስተማሪዋ ራሷ ድምጿ ተቆረጠ። ሉሲ በርንስን (ለእኛ ሉሲ ስትባል ድንቅነሽ ናት የምትመጣብን፤ ለካ እነሱም የራሳቸው አለቻቸው) ሁለት እጇን ከራሷ በላይ ከብረቱ ፍርግርግ ጋር በካቴና ጠርቀው አቆሟት። ፊት ለፊቷ ያለችው እስረኛ ማንም ሳያስራት እሷም እጇን ከፍ አድርጋ አብራት ቆመች። ሌላዋን ሲወረውሯት ጭንቅላቷ ከብረት አልጋ ተጋጨ። ምግብ አንበላም ሲሉ በቱቦ አስገቡባቸው። አንቺ ሥራሽ ስለሆነ በቱቦ መመገብ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ እሱኑ ሳትፈቅጂ፣ እጅና እግርሽን ተይዘሽ አስቢው።

በማርች 1918 ፍርድ ቤት እስሩ ከመጀመሪያውም ሕገወጥ ነበር አለ። ቱቦው ከወጣ በኋላ።

ከዚያ ኮንግረሱ በ1919 አሳለፈው። ግን ከ48 ግዛቶች 36ቱ መስማማት ነበረባቸው፤ 35 ላይ ተገትሮ ቀረ። በኦገስት 1920 ዕጣው ቴኔሲ ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ነው አበባሽ የሚመጣው። ዋና ከተማዋ ናሽቪል ውስጥ ደጋፊው ቢጫ ጽጌረዳ፣ ተቃዋሚው ቀይ ጽጌረዳ ይሰካ ነበር። ሃሪ በርን የሚባል የ24 ዓመት የምክር ቤት አባል ቀዩን ደረቱ ላይ ሰክቶ ገባ። ኪሱ ውስጥ ግን የእናቱ የፌብ በርን ደብዳቤ አለ፤ ሰባት ገጽ የቤት ወሬ ጽፋ በመሃሉ ልጄ ጨዋ ሁንና ሴቶቹን ደግፍልኝ ያለችበት። ድምፁ እኩል ለእኩል ተፋጦ ሳለ ስሙ ሲጠራ «አዎ» አለ፣ ቀዩ አበባ እንደተሰካ! ኋላ ሲጠይቁት እናት የመከረችውን ማድረግ ለልጅ ይበጀዋል የሚል መልስ ሰጠ። ልጅዋ ሕግ ያወጣል፣ እሷ ግን እሱን እንኳ መምረጥ አትችልም ነበር።

የእኛዋ ቨርጂኒያስ? እምቢ ብላ ቆይታ በ1952 ነው ያጸደቀችው። እርግጥ ሕጉ ብትወድም ባትወድም ያስገድዳት ነበር።

ለመንዳት ሰዓቴ ደርሷል፤ ማርች 8ን ማታ።


የድሮ መምህር (ሲያትል)

ልጆቼ፣ ጥሩ ታወራላችሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሹፌሯ ልጄ የነገረችን ሉሲ እጇ ከብረት ታስሮ በቆመችበት በዚያው በ1917፣ ወራት ቀደም ብሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘውድ ጭነዋል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1909 መሆኑ ነው። ፊርማው የተፈረመበት ነሐሴ 20፣ 1912ም ዙፋኑ ላይ እሳቸው ነበሩ። እኛ ሴት ስናነግሥ እነሱ ሴት ሲያስሩ፣ እኩልነትን ከእነሱ መማራችን ይደንቀኛል። ኬኩንም ባንበላው።


አራት ኪሎ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ዙፋን ላይ ሴት መቀመጧ ሌላ፣ እታች ያለችው ሴት መብት ማግኘቷ ሌላ። ንግሥቲቱስ ቢሆኑ ራስ ተፈሪ እንደራሴና አልጋ ወራሽ ተደርገው አጠገባቸው ተቀምጠውባቸው አይደል የነገሡት?

ድምፅን በተመለከተ የእኛ ታሪክ ከአሜሪካ ይለያል። እዚያ ወንዱ ይመርጣል፣ ሴቷ በር ላይ ትቆማለች። እኛ ጋ ወንዱም አይመርጥም ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማ አቋቋመ እንጂ ሕዝቡን ምረጥ አላለውም። የተሻሻለው የ1948ቱ ነው ለወንዱም ለሴቱም በአንድ ላይ የፈቀደው። እናም የመጀመሪያው ምርጫ በ1957 በፈረንጅ ሲደረግ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ያስተዳደሩት፣ ጣሊያን አሲናራ ደሴት ወስዶ ያሰራቸው ስንዱ። የሚያስገርመኝ ምን መሰላችሁ፤ ልጅ ሆነው የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። የስዊዘርላንድ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ያገኙት ደግሞ በፈረንጅ በ1971 ነው። ተማሪዋ እንደራሴ ከሆነች በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አስተማሪዎቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አልቻሉም።

ታዲያ ይህን ይዘን ከመኩራታችን በፊት፣ በእኛው አቆጣጠር በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ይግለጡልኝ፣ ጋሼ። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፤ ሚስትም በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ ባሏ ያዘዛትን ትታዘዛለች። ሴቲቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማ እንደራሴ ትመርጣለች፣ ቤቷ ገብታ ትታዘዛለች። ይህ አንቀጽ አርባ ዓመት ቆየ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 እኩል ናቸው ካለ በኋላም አምስት ዓመት ፈጅቶ ነው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተነሣው። እናቴ ያገባችው በአንቀጽ 635 ዘመን ነው። አባቴ ግን አንድም ቀን አዝዟት አያውቅም፤ አንቀጹን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ እሷን ስለሚፈራ ነው።

ድምፅ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ሌላ። የማታ ሺፍት፣ ያንቺ እማማ የክሬዲት ካርድ ነገር ከዚሁ ነው የሚመደበው። የእሱን መቼ እንደተስተካከለ የአሜሪካ ሰዎች ይንገሩሽ።


የድሮ መምህር (ሲያትል)

አንቀጹን አውቀዋለሁ ልጄ። እኔም በዚያው ሕግ ነው ያገባሁት። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ሆና እያነበበች ስለሆነ ክርክሩን እዚህ ላይ ማቆም ይሻለኛል።


የቢጫ ባስ ሹፌር (ሎርተን፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እትዬን ሰላም በሉልኝ። ግን አንድ የተናገሩት አለ፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። «ከእነሱ» ሲሉ እነሱ እነማን ናቸው? ፊርማው የሁሉም ሴት አልነበረም።

በማርች 1913 ዋሽንግተን ላይ ታላቁ ሰልፍ ሲደረግ ለጥቁር ሴቶች መጨረሻ ላይ ሁኑ ተባለ፤ የደቡብ ነጮች እንዳይቀየሙ። ጥቁሯ ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ እምቢ አለች። መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችና የኢሊኖይ ሰልፈኞች ሲያልፉ ከተመልካቹ መሃል ወጥታ ተቀላቀለቻቸው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 22 ወጣት ሴቶችም ያን ቀን ወጥተዋል። ሃዋርድ ማለት እኮ ዩ ስትሪት ክትፎ በልተን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ የምንዞርበት ሰፈር ነው። ከ1920 በኋላም በደቡብ ጥቁሯ ሴት ለመመዝገብ ስትሄድ ግብር ክፈይ፣ ይህን አንብቢ፣ ያንን ተርጉሚ እየተባለች ትመለስ ነበር፤ አንዳንዷም ከሥራዋ ትባረራለች፣ ትደበደባለች። በሩ የተከፈተው በኦገስት 1965 በወጣው የምርጫ መብት ሕግ ነው። ከፊርማው 45 ዓመት በኋላ! ስለዚህ እኛን የምትመስል ሴት ይህን ቀን ስታከብር 1965ንም አብራ ማንሳት አለባት ባይ ነኝ፤ ያለዚያ ኬኩን ብቻ በልታ ነው የምትመለሰው።

ቀኑ ራሱ «ቀን» የሆነው ቆይቶ ነው። ፊርማው 50 ዓመት ሲሞላው፣ ኦገስት 26፣ 1970፣ ቤቲ ፍሪዳን የሚሏት ሴት አድማ ጠራች። ሴቶች ዛሬ አይተይቡም፣ አይተኩሱም፣ ወጥ አይሠሩም። ኒውዮርክ ፊፍዝ አቬኑ ላይ በአሥር ሺዎች ወጡ። የጠየቁት እኩል የሥራና የትምህርት ዕድል፣ የልጆች ማቆያና የፅንስ ማቋረጥ መብት ነበር። በመጨረሻው ብዙዎቻችን እንደማንስማማ አውቃለሁ፣ እዚህ አንጨቃጨቅበት። የልጆች ማቆያውን ግን እኔ የምለው አለኝ፤ ልጄ ሁለት ዓመት ሳለ ለዴይ ኬር የከፈልኩት ከቤት ኪራዬ ይበልጥ ነበር፣ ይህ ከ1970 ጀምሮ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ከዚያ የኮንግረስ አባሏ ቤላ አብዙግ ቀኑ እንዲታወቅ በ1971 ሐሳብ አቀረበች፣ በ1973 ኮንግረሱ ተቀበለው። ሥራ አይዘጋም፤ ሽሮ በቅቤ፣ እውነትህን ነው። ካርድና አበባ ሻጮች ግን የሉበትም፤ ባለቤትሽን እንዲህ በዪው።

ማርች 8 የሌላ ቤት ልጅ ነው። እሱ የሠራተኞቹ ነው፤ ጀርመናዊቷ ሶሻሊስት ክላራ ዜትኪን በ1910 ኮፐንሃገን ላይ ያነሳችው። ቀኑን ያጸኑት በ1917 ሩሲያ ውስጥ ፔትሮግራድ ላይ ዳቦ ብለው የወጡት ሴቶች ናቸው፤ በሳምንቱ ዛሩ ወረደ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ማክበር ጀመረ። እኛ ጋ በደርግ ጊዜ የደመቀው የሠራተኞቹ ቀን ስለሆነ ነው። ሁለቱ ቀኖች ይተዋወቃሉ እንጂ አይወላለዱም።

የእማማ ካርድ ደግሞ፦ ባል ከሌለ ብድር የለም፣ የባል ፊርማ ካልመጣ ካርድ የለም ማለት የተከለከለው በ1974 በወጣ ሕግ ነው። ሦስት ዓመት ቀድመው ነው ባላቸው የሞቱባቸው።

አንድ የራሴን ብቻ ልጨምር። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። ኦገስት 26 ሲባል ነሐሴ 20 ብዬ ስመልሰው አሸንድዬ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ቅጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን፣ በየደጁ እየዞርን፣ ማንም ወንድ የት ነበርሽ ሳይለን የምንውልበት ሳምንት። በዓመት አንዴ። ነሐሴ ሲያልቅ እንስራችንን አንሥተን ወደ ምንጩ።

ከእስር ቤቱ ሙዚየም ሌላ ደግሞ ሴቶቹ እዚያው ሩት 123 ላይ ኦኮኳን ፓርክ ውስጥ በ2021 የተከፈተ መታሰቢያ አላቸው። መግቢያ አይከፈልም። ልጅ ካለሽ ይዘሻት ሂጂ።


የማታ ሺፍት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባሷ እህቴ፣ አንቺን የወለደች እናት ትባረክ። አራት ኪሎ፣ አንቀጽ 635ን ለባለቤቴ ሳነብለት «ይህ ሕግ መቼ ነው የተሻረው?» ብሎ በጣም በትካዜ ጠየቀኝ። ዝም አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ «ወደ ሎርተን ንዳ» አልኩት። የካርድ ሻጮቹን ቀን ላሳይህ ብዬ። እያጉረመረመ ነዳ። እውነትም ሦስት የሴት ሐውልት ቆሟል፤ አሊስ ፖል፣ ካሪ ቻፕማን ካት የምትባል፣ ሦስተኛዋ ጥቁር ሴት ሜሪ ቸርች ቴሬል። የአሥር ዓመት ልጄ ጽሑፉን ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችልን። የማይገባኝ ቃል ላይ ስትደርስ ትቆምና ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች፣ አማርኛዋ ሲያልቅባት በእጇ ታሳየኛለች። የቱቦው ላይ ስትደርስ ግን አልመለሰችልኝም። እኔም አልጠየቅኋት።

የዋይት ሃውስ የድሮ አጥር ቁራጭ አምጥተው ተክለውታል። ባለቤቴ ብረቱን እንደ በግ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ «ይኼ የእውነቱ ነው?» አለኝ። የእውነቱ ነው አልኩት። ፎቶ አንሺኝ አለና ተደግፎት ቆመ። ከእኔ ይልቅ የእሱ ፎቶ በዛ። ልጄ ግን «ሱዛን የታለች?» አለችኝ፤ መኪና ውስጥ ስደግም ሰምታ ሰምታ ከእኔ በላይ ታውቃታለች።

የምርጫ ካርዴም በፖስታ ደርሷል። የአባቴን ስም በአንድ ፊደል አሳስተውታል፤ እንደሚታረም ነግረውኛል። በኖቬምበር የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ማታ ገብቼ ለእማማ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እስር ቤቱን፣ አጥሩን፣ ሃሪ በርን ኪስ ውስጥ ስለነበረው ደብዳቤ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። «እማማ፣ እናትዎ ያን ጊዜ ማንን መረጡ?» አልኳቸው።

«ሃርዲንግን» አሉኝ፤ ያን ዓመት አሸንፎ ፕሬዚዳንት የሆነውን። ከዚያ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «እስክትሞት ድረስ እንደቆጫት ነው» አሉ።